ሦስተኛው ሙግት

የወጣሁት ቻርጀር ፍለጋ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈርሂያ ደውላ፣ «ቲቸር፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ከሰካሁበት ቦታ የለም። ቤቱን ገለበጥኩት፣ የለም» አለችኝ። አላለቀሰችም። ፈርሂያ ስትፈራ ድምፅዋ ይደርቃል እንጂ አታለቅስም።

ፈተናዋ በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የቃል ፈተና ነው፤ ሁለት መምህራን ከባሕር ማዶ ሆነው በስክሪን ይጠይቋታል፣ እርሷ ትመልሳለች። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ ነፃ የትምህርት ዕድሉን ያጣል። ደንቡን ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ቻርጀሬ ጠፋብኝ የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ አልተጻፈም።

ፈርሂያን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬአታለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ መጥቶላት ሳለ ወደ ቤሩት ሄደች፤ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠራች። በመጨረሻው ዓመት አሠሪዎቿ ደመወዟን ከልክለው ከነሻንጣዋ በር ላይ ሲተዋት ያነሷት የካቶሊክ ሲስተሮች ናቸው። በመጠለያቸው ሰባት ወር ተቀመጠች። አንዲቱ ሲስተር መጽሐፍ ታውሳት ነበር፤ የተዋሰችውን እያነበበች በጥያቄ ስለምታጨናንቃት፣ በኢንተርኔት ስለሚያስተምር አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነገረቻት። የሚሰጠው ዲግሪ ሊበራል አርትስ ይባላል። ፍልስፍና፣ ሥነ አመክንዮ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ነገረ መለኮት አንድ ላይ የሚጠኑበት ነው። ፈርሂያ ወደ መካነ ሰላም ተመልሳ፣ ኔትወርክ ሲኖር በቀጥታ፣ ሲጠፋ ያወረደችውን እያነበበች፣ ሦስተኛ ሴሚስተሯ ላይ ደርሳለች።

የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ላፕቶፑም ከእኔ ቤት የሄደ ነው፤ ሦስት ዓመት ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። አባቷ ግን «የኮምፒውተር ኮርስ» እንደምትማር ነው የሚያውቁት። እንዲህ በይ ብዬ አልመከርኳትም። አትበዪ ብዬም አልከለከልኳትም።

ሦስት የሞባይል መሸጫ ዞርኩ፤ ጫፉ የሚገጥም አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ ከአቀስታ የሚመጣ ሾፌር ይዞልኝ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ልጠይቅ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ተራ አስከባሪው አባተ አንዲት ሚኒባስ አጠገብ ቆሞ፣ «አቀስታ! አቀስታ! ስምንት ሰው የቀረው!» ይላል። በሚኒባሷ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ የታሰረ ፌስታል አስቀምጠው የተቀመጡት ሰው የፈርሂያ አባት ሼህ ሙሐሲን ነበሩ።

«እንደምን አረፈዱ፣ ሼህ ሙሐሲን?»

«አልሐምዱሊላህ። እታገኘሁ፣ ደህና ነሽ ወይ? ቤቱስ ደህና?»

«ቤቱም ደህና ነው» አልኩ። ቤቱ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ እንዲህም ነው የሚመለሰው።

«ወዴት ነው መንገዱ?»

«አቀስታ፣ ሼህ ሙሐመድአሚን ዘንድ። በደረሳነት፣ ሃይማኖት ስንማር፣ አብረን የቀራን ነን። የምጠይቀው ነገር አለኝ።» በእጃቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉ። «ቁጭ በይ እስቲ። አንቺም የተማርሽ ሰው ነሽ። ሳታባብዪ ንገሪኝ፤ ነፍስ ትሞታለች የሚል ትምህርት አለ ወይ?»

ተቀመጥኩ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለም መጠርጠር ጀመርኩ።

«አለ። የለም የሚልም አለ። ምነው?»

ፌስታሉን ፈቱና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጡ። የፈርሂያ ደብተር ነው። እንግሊዝኛውን ከመጻፏ በፊት ሐሳቧን በአማርኛ ትሞክረዋለች፤ ራሴ ነኝ እንደዚያ ያስለመድኳት።

«እኔ ዐረብኛው ላይ እንጂ የአማርኛ ፊደል ላይ ቀስ ባይ ነኝ» አሉ። «ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ይኸን አልጋዋ ላይ አገኘሁ። ኮምፒውተር የምትማር ልጅ በእጇ ይኸን ሁሉ ምን ትጽፋለች ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ የመጀመሪያዋን ገጽ ጨረስኳት። ስሚ።» ጣታቸውን አሳርፈው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ አነበቡ። «‹የሰው ነፍስ ከሥጋው ጋር የምትጠፋ ይመስላል። አንደኛ፣ ሰውና እንስሳ እኩል ከአፈር መጥተው እኩል ወደ አፈር ይመለሳሉና...›» ደብተሩን ዘጉት። «ወላሂ፣ ሁለተኛውን ገጽ መግለጥ አልደፈርኩም።»

«አልገለጡትም?»

«ምን ብዬ? ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ኖራ ሶላቷን ሳታጓድል የመጣች ልጅ፣ እዚህ፣ እኔ ቤት፣ ነፍስ ትጠፋለች ብላ ትጻፍ? ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው የወሰንኩት። ይኸን ለሼህ ሙሐመድአሚን አሳያለሁ፤ ተዪ ካለ ትተዋለች። እስከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንዳትነካ ይኸን ይዤ ወጣሁ።»

ከፌስታሉ ሥር፣ ገመዱ በሥነ ሥርዓት የተጠቀለለ፣ ጥቁር ቻርጀር አወጡ።

ጠዋቱን ሙሉ ስፈልገው ያረፈድኩትን ዕቃ ክንዴ በሚደርስበት ቦታ አየሁት። ልነጥቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ከሩብ።

«ሰባት ሰው! ሰባት ሰው የቀረው!» አለ አባተ። ገበያተኞች ሲገቡ አይቶ ደግሞ፣ «ስድስት! ሼህ፣ ቦታዎን ከፊት ይዤልዎታለሁ!»

«ሼህ» አልኩ ድምፄን አለስልሼ፣ «ደብተሩን አንዴ ልየው?»

«ቆይ። መጀመሪያ ይኸን ንገሪኝ።» ቻርጀሩን ገለበጡት። ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ፊደሉ ደብዝዟል። «ንጋት ላይ በጨለማው ማየቱ አቅቶኝ ነበር። ይኸ ምን ይላል? አስ... ና... ቀው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሼህ ሙሐሲን ባለቤቴን ያውቁት ነበር። በለቅሶው ጊዜ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አዎ» አልኩ። «የእሱ ነው።»

«አንቺ ሰጠሻት።»

«እኔ ሰጠኋት። ደብዳቤውንም የጻፍኩላት እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ኮርስ አይደለም፣ ሼህ። ዩኒቨርሲቲ ነው። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው።»

ይህን ለመናገር አንድ ዓመት ተኩል ነበረኝ። መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ ሚኒባስ እየሞላ መናገር አልነበረብኝም። ሼህ ሙሐሲን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩንና ቻርጀሩን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና አሰሩት።

«እንግዲያው ሁለታችሁም ታውቁ ነበር። ሳያውቅ የቀረው አባት ነው። እታገኘሁ፣ ነገሩ ሐቅ ከሆነ ለምን ከኔ ተደበቀ?»

ልጆቻቸው ሊማሩ ሲነሱ የሚከለክሉ ወላጆችን ስንወቅስ የኖርን ሰዎች ስለ እኛ መደበቅ ብዙ አንጽፍም። ወላጅ ያላወቀውን ነገር ሲያገኘው በመጥፎው ገጽ በኩል ነው የሚያገኘው።

«አጥፍተናል» አልኩ። «እርስዎ እንዳይከለክሏት ፈርታ ነው፤ እኔም ፈርቼ ነው። ስለዚህ አሁን የፈለጉትን ይጠይቁኝ፤ አንዲት ነገር አልደብቅም። ከዚያ መሄድ ካለብዎ ይሂዱ።»

«ሊያጠምቋት ነው?»

«አይደለም። መጠመቅም፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምም፣ መጸለይም ግዴታ የለባትም፤ ደንቡን አንብቤዋለሁ። ግን ሃይማኖታቸውን ያስተምሯታል። የእነሱን ሊቃውንት ታነባለች፣ ትፈተንበታለች። ይህ የለም ብል ውሸት ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት የዋሉት ነገር ልብ ውስጥ አይቀርም?»

«ይቀራል። ምን ሆኖ እንደሚቀር ነው ጥያቄው።»

«ደሞ በነፃ! ነፃ ነገር ያሳስበኛል። እኛ ለነሱ ምናቸው ነን? ዘመድ ነን?»

«እርስዎ ደረሳ ሳሉ» አልኳቸው፣ «አስተማሪዎ ስንት ያስከፍሉ ነበር?»

«ምን ያስከፍላል! ዒልም ይሸጣል እንዴ?»

«ምን ትበሉ ነበር ታዲያ?»

«እየዞርን ለምነን ነዋ። ከየቤቱ የተገኘውን።» ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። የወጣትነት ነገር ሲነሳ ሽማግሌ ሁሉ ይፈታል። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ክርስቲያኖች ደጅ ስንደርስ፣ የእነሱን የበሰለ እንደማንነካ ስለሚያውቁ፣ ባቄላና ገብሱን በጥሬው ይሰፍሩልን ነበር። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ብርሀንነሽ የምትባል፤ ‹እናንተ ልጆች፣ ቆልታችሁ ብሉት› ትለን ነበር። አላህ ውለታዋን ይክፈላት።»

«የእሷን ባቄላ በልታችሁ ሃይማኖታችሁን ለወጣችሁ?»

አፍንጫቸው ሥር ሳቅ አሉ። «እህ! ወዴት ልትወስጅኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አልለወጥንም። እሷም ለዚያ ብላ አልሰጠችንም።»

«እነዚያ ሲስተሮችም ጥሬውን ነው የሰጧት፣ ሼህ። የምትቆላው ራሷ ናት። በር ላይ የተጣለችውን ልጅዎን ሲያስገቧት ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አላሏትም። ሰባት ወር መስገጃ ሰጥተዋት ነው የሰገደችው። ይህንን ነግራዎታለች?»

አልነገረቻቸውም። ከዐረብ አገር የሚመለሱ ልጆች በር ላይ ስለ መጣል ለአባቶቻቸው አይናገሩም። «ተጥላ ነበር?» አሉ ሼህ ሙሐሲን። «በር ላይ?» ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

«አራት ሰው! አቀስታ አራት ሰው!» አባተ የሚኒባሷን ጣሪያ በመዳፉ መታ። «ሼህ፣ እዚህ ችሎት ተቀምጠው ተሳፋሪ አስቀሩብኝ! መምህርት፣ ይልቀቋቸው እንጂ!»

«አንተ ጩኸትህን ጩህ» አሉት ሼህ። «ስምንት ሰው ሲቀርህም አራት፣ አራት ሲቀርህም አራት ነው የምትለው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ። ይሁን። ግን ሥራው ምንድን ነው? ነርስ ብትማር መርፌ ትወጋለች፤ ይገባኛል። ይኸን የነሱን ትምህርት ግን ተምረውት ምን ይሆኑበታል?»

«መስከረም ላይ ያ ልጆችን ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ወደ ጎረቤትዎ ሀዲያ ቤት የመጣ ጊዜ እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«አልነበርኩም። ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ነበርኩ። የሀዲያ እናት ጣቷን ቀለም ነክራለች፤ ልትፈርም ነው። ፈርሂያ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ‹እዚህ ላይ አሠሪው ፓስፖርቱን ለጥበቃ ይይዛል ይላል፤ የሚጠበቀው ማን ነው?› አለችው። ‹እዚህ ደግሞ ሠራተኛዋ በፈቃዷ መውጣት ትችላለች ይላል። ፓስፖርቷን ሌላ ሰው ከያዘው በፈቃዷ የሚለው ቃል ምን ማለት ነው?› ሰውዬው ተቆጣ። እሷ አልተቆጣችም። ‹ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ የትኛውን ልሰርዘው?› አለችው። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።»

«ቤሩት ስለኖረች ነው የመሰለኝ።»

«ቤሩት የኖሩ በዚህ ከተማ ስንት ናቸው? መከራውን ሁሉም ያውቃሉ። ቃልን ከቃል ጋር አስተያይቶ፣ ሳይጮኹ፣ ይህ ከዚህ ጋር አይሄድም ማለት ግን ይለመዳል እንጂ በመከራ ብቻ አይገኝም። ስትማር የቆየችው እሱን ነው። ሥራ ቢሉኝ፣ ይህን የምትችል ሴት ትምህርት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ የሴቶች ጉዳይም ትፈለጋለች። ባትቀጠርም ሀዲያ ዛሬ እናቷ ጋ ናት።»

ሼህ ሙሐሲን ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይኸ ሁሉ ደግ ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ይኸ ሁሉ ደግ ሆኖ፣ ነፍስ ትጠፋለች ካለች ምን ያደርግልኛል? እናቷ መቃብር ውስጥ ናት። ሄጄ ዱዓ የማደርግላት ለአፈር ነው?»

ይህን ሲሉ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። መንገዱን አየሁ። የጤፍ ጭድ የጫነ አይሱዙ እየገባ ነበር። ከዚህ በኋላ የምናገረው ከሌላ ሰው ልብ የወጣ መስሎ እንዲሰማ ተጠንቅቄ ነው የተናገርኩት።

«አስተማሪዎ ኪታብ ሲያስቀሩ» አልኩ፣ «ያከራክሯችሁ ነበር?»

«እንዴታ! በሙግት ነው የኖርነው። ኪታቡ ራሱ እንደዚያ ነው የተሠራው። ‹ኢን ቁልተ› ይላል፤ እንዲህ ብትል ማለት ነው። የተቃራኒህን ነገር ያስቀምጣል። ከዚያ ‹ቁልቱ› ይላል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የኛ ሼህ ደግሞ የባሰ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። የባላጋራህን ነገር፣ ባላጋራህ ራሱ ‹አዎ፣ ይኸ የኔ ቃል ነው› እስኪል ድረስ አሳምረህ ካልተናገርክለት፣ መልስ አያስመልስህም። ‹ሂድ ውኃ ቅዳ› ነው የሚልህ። አንድ ክረምት ሙሉ ውኃ የቀዳሁ ሰው ነኝ እኔ።» አሁን በደንብ ሳቁ። «አንዴማ የከሃዲውን ነገር እንደዚያ አሳምሬ ብናገር፣ ሼህ ሙሐመድአሚን ‹ይኸ ልጅ ከሃይማኖቱ ወጣ!› ብሎ...»

አቆሙ።

እጃቸው ወደ ፌስታሉ ሄደ፤ ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰደባቸው። ደብተሩን አወጡ። የመጀመሪያውን ገጽ አልፈው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ገለጡ። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይኸን አንብቢልኝ» አሉ። «ዐይኔ ቸኮለብኝ።»

«‹ይሁን እንጂ› ይላል» አልኩ። «‹እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ሰው እውነትን ያውቃል፤ እውነት ደግሞ አይበሰብስም። የማይበሰብሰውን የሚይዝ ዕቃ ሙሉ በሙሉ የሚበሰብስ ሊሆን አይችልም።› ከዚያ ለእያንዳንዱ ሙግት መልስ አለው። ‹ለአንደኛው፦ ሰውና እንስሳ በሥጋ መመለሳቸው እኩል ነው፤ እንስሳ ግን ስለ መመለሱ አይጠይቅም።› አሠራሩ እንደዚህ ነው፣ ሼህ። ካቶሊኮቹ ከጥንት የያዙት ነው። መጀመሪያ ‹ይመስላል› ብለው የባላጋራን ቃል ከራሱ ከባላጋራው አሳምረው ይጽፋሉ። እሱን ያልጻፈ ተማሪ መልሱን እንዲጽፍ አይፈቀድለትም።»

«ኢን ቁልተ» አሉ ለራሳቸው። «ሱብሓነላህ። የነሱም ኪታብ ላይ አለ? እኔ ኢን ቁልተን አንብቤ ቁልቱን ሳልገልጥ ልጄን ከሃዲ ብዬ ላከፍራት ነበር?»

«ሁለት ሰው የቀረው! በሁለት ሰው እንሄዳለን!» አባተ ነው።

«እርስዎስ ቂርአቱን ለምን ተዉት?» አልኩ። ይህን መጠየቅ ጭካኔ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ግን ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ላፕቶፑም ቢያንስ አንድ ሰዓት ካልተሰካ አይነሳም።

«አባቴ ሞተና እርሻውን የሚይዝ ጠፋ። አንድ ኪታብ ቀርቶኝ ነበር። አንድ ብቻ።» ጣታቸውን አሳዩኝ። «አርባ አራት ዓመቱ ነው። አሁንም ሼህ ሙሐመድአሚን ስለዚያች ኪታብ ሲያወራ ወጥቼ እቀመጣለሁ።»

«ፈርሂያ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አላት። የምትፈተነው በዚህ ደብተር ነው። ካልቀረበች ትምህርቷ ያበቃል። ቻርጀሩ እርስዎ ጋ እንዳለም አታውቅም፤ ቤቱን እየገለበጠች ነው።»

ሼህ ሙሐሲን ተነሡ። ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በዝግታ ነው የተነሡት፤ እኔም ተነሥቼ ወዴት እንደሚዞሩ አየሁ።

«ግቡ ሼህ፣ እርስዎና አንድ ሰው ነው የቀረው!»

«ሁለት ሰው ቀረው በል» አሉት። «እኔ አልሄድም።»

«እንዴ! ሰዓት ሙሉ ቦታ አስይዘው?»

«ያስያዝኩህን ቦታ መርቄልሃለሁ። ለባላጋራህ ስጠው» ብለው ፌስታላቸውን አንግበው ከእኔ ቀድመው ወጡ።

ፈርሂያ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ከእኔ ጋር ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ። ሼህ ሙሐሲን ቻርጀሩን ሰጧትና፣ «እኔ ነኝ የወሰድኩት። አጥፍቻለሁ» አሉ። «አንቺም የደበቅሽኝ አጥፍተሻል። የማን ጥፋት እንደሚበልጥ ከፈተናው በኋላ እንከራከራለን። አሁን ሰኪው።»

መብራት ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሦስታችንም በየተራ አምፖሉን ቀና እያልን ስናይ ቆየን፤ ማንም ግን ስለ መብራት አላወራም። እስኪደርስ ድረስ ሼህ ሙሐሲን ደብተሩን አስነበቧት። ሁለተኛው ሙግት ላይ ደካማ ነው ብለው አስጠነከሯት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሙግቱ ተጽፏል፤ የመልሱ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«‹ሦስተኛ› » ብላ አነበበች ፈርሂያ፣ «‹ነፍስ የምታውቀው በዐይንና በጆሮ በኩል ነው። ዐይንና ጆሮ አፈር ሲሆኑ፣ ነፍስ ብትኖር እንኳ የምትወዳቸውን ልታውቅ አትችልም። የማታውቀን ነፍስ ደግሞ ለእኛ ከጠፋች ነፍስ በምን ትለያለች?› »

«ምነው አልመለስሽውም?»

«አቃተኝ፣ አባ። ቲቸርን ሁለት ጊዜ ጠይቄአት ነበር።»

ሁለቱም አዩኝ። ሁለቱንም ጊዜ ጊዜ የለኝም ብያት ነበር። ጊዜ ነበረኝ።

ፈተናው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። አንደኛው መምህር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ፈርሂያ አባቷ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ቢሰሙ ይፈቀድ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ድምፅ እስካላሰሙ ድረስ ይቻላል አሏት፤ እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሷቸው። ሼህ ሙሐሲንም እጅ ነሡ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይሰሙም፤ ግን የልጃቸውን ድምፅ ሲከተሉ፣ የት ላይ የባላጋራን፣ የት ላይ የራሷን እንደምትናገር ከአነጋገሯ የለዩት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ኔትወርኩ ለአራት ደቂቃ ተቋረጠ። አራቱንም ደቂቃ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ስክሪኑ ሲጠፋ መጀመሪያ የጠየቁት ማለፏን አልነበረም።

«ሦስተኛዋን መለስሻት?»

«ጠየቁኝ» አለች ፈርሂያ። ድምፅዋ ተመልሶላታል። «እንዲህ አልኩ። ዐይንና ጆሮ ዕውቀት የሚገባባቸው በሮች ናቸው እንጂ ዕውቀቱ ራሱ አይደሉም። በር ቢዘጋ ቀድሞ የገባው አይወጣም። ስለዚህ ነፍስ በሕይወት ሳለች ያወቀችውን ሰው ይዛው ትሄዳለች። አዲስ የሚሆነውን፣ እኛ ዛሬ ምን እንደምናደርግ ግን እንዴት እንደምታውቅ አላውቅም አልኳቸው። ትልቁ ሰውዬ፣ ‹እስከዚያ በትክክል ሄደሻል፤ የምታውቂው የሚያልቅበትን ቦታ ማሳየትም መልስ ነው› አሉኝ።»

«ወላሁ አዕለም» አሉ ሼህ ሙሐሲን። «አላህ ያውቃል። የኛም ዓሊሞች መልሳቸውን በዚችው ነው የሚዘጉት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ሙግት ሳይሆን፣ በለቅሶው ጊዜ ድንኳን ውስጥ ያናግሩኝ በነበረው ድምፅ፣ «መልሱ በቃሽ ወይ፣ እታገኘሁ?» አሉኝ።

«ይበቃኛል» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ ስለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ፈርሂያ አልፋለች። ይህን ታሪክ የጻፍኩት ግን ለማለፏ አይደለም። አሁን በሼህ ሙሐሲን ቤት ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ዐረብ አገር ሊሄዱ ወረቀት የመጣላቸው ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ክርስቲያኗም እስላሟም ትመጣለች። ፈርሂያ ወረቀቱን ታነብላቸዋለች፤ ሼህ ሙሐሲን አጠገቧ ተቀምጠው፣ «ደላላው ቢኖር ምን ይል ነበር? እሱን አሳምረሽ ተናገሪ መጀመሪያ» ይሏታል። ሁለት ልጆች ሄደዋል፤ ምን ላይ እንደፈረሙ አውቀው ነው የሄዱት። አምስት ደግሞ ሳይሄዱ ቀርተዋል። አንዷ ዘንድሮ ያቋረጠችውን አሥራ አንደኛ ክፍል ቀጥላለች። ከአባት ተደብቆ የሚነበብ ደብተርም በዚያ ቤት የለም፤ ፈርሂያ የሳምንቱን ትምህርት እራት ላይ በአማርኛ ትናገራለች፣ አባቷ ይሟገቷታል፣ የማይቀበሉትንም አልቀበልም ይላሉ። ሃይማኖቷ እንደ ነበረ ነው። የተለወጠው ነገር፣ የሌላውን ሃይማኖት ስትጠቅስ ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ ይኸ የእኔ ቃል ነው» በሚለው አኳኋን መጥቀሷ ነው። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን፣ ከዚህ የበለጠ ትርፍ የሚያስገኝ ትምህርት እኔ አላውቅም።

ሼህ ሙሐሲን በቀጣዩ ሳምንት አቀስታ ሄዱ። ለፈትዋ አይደለም፤ የቀረቻቸውን ኪታብ ሊጀምሩ ነው። በወር አንዴ ይሄዳሉ። አባተ የፊቱን ቦታ ይይዝላቸዋል።

ባለፈው ፈርሂያ ላፕቶፑን ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። ቻርጀሩ ላይ ያለው ፕላስተር ጠርዙ ተነስቷል። «ቲቸር፣ ሳይጠፋ በአዲስ ልቀይረው? ስሙን መልሼ እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

«አትቀይሪው» አልኳት። «ከሥሩ ቦታ አለ። የአንቺን እዚያ ጻፊ።»